ባዶ ወንበር ድርቆሽ አይሆንም

(ይህ ጽሑፍ የዲፓርትመንት ምርጫ ለደረሰባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። በንግግር እንደቀረበው ጽፈነዋል። ረዘም ስለሚል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።)



ዛሬ ስለ ጦር ሜዳ ጀግና ወይም ስለ ፖለቲካ የማወራ መስሏችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ። የማወራችሁ ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ ፀጉር ቤት፣ ስለ ሚኒባስ ታክሲና ስለ ባንክ ነው። «እነዚህ ደግሞ ምን ወሬ አላቸው?» እንዳትሉኝ። ታገሱኝ፣ የሀገር ጉዳይ መሆናቸውን ታያላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ባለፈው አናገረችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ አገልግሎት ዘርፍ መሥራት ፈልጋለች። ጓደኞቿ ሳቁባት። «ሀገር የሚገነባው በፋብሪካ ነው፣ አንቺ ስለ ሆቴልና ስለ ታክሲ ልትጽፊ ነው?» አሏት። አጎቷ ደግሞ ባሰ፤ «ለአስተናጋጅነት አራት ዓመት መማር ያስፈልጋል እንዴ?» አላት። ልጅቷም «እውነታቸውን ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ለእናንተ ልመልሰው።

መጀመሪያ፣ ያ ሳቅ አዲስ እንዳልሆነ እወቁ። የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ የቤት አሽከርን ሥራ «ምርታማ ያልሆነ» ብሎ መድቦታል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አገልግሎት በተሠራበት ቅጽበት ይጠፋል፣ በኋላ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ አይተውም ይላል። አሽከሩን ብቻ ግን አይደለም የመደበው። ቄሱን፣ ጠበቃውን፣ ሐኪሙን፣ ዘፋኙን፣ ንጉሡን ራሱን ሳይቀር እዚያው ረድፍ ውስጥ ከቷቸዋል! አያችሁ፣ ያ አጎት ብቻውን አይደለም።

እኛ ሀገር ደግሞ ንቀቱ ሌላ መልክ ነበረው። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ነጋዴው ሁሉ ስድብ ነበረለት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። በዚያው ዘመን አካባቢ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል አቋቋሙ። ሲነገር እንደኖረው፣ ሰው መጀመሪያ ሊገባ አልፈለገም። ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበራ! እንግዳ ይጋበዛል እንጂ እንዴት ሒሳብ ይከፍላል? ንጉሡ መኳንንቱን ይዘው ሄደው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ይባላል። እስቲ አስቡት፤ በዚህ ሀገር ለአገልግሎት ዋጋ መክፈልን ቤተ መንግሥት ነው ያስተማረው። እኛ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ ትምህርቱን ልንንቀው?

እሺ፣ ለመሆኑ አገልግሎት ከዕቃ በምን ይለያል? ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ በፊት ከእናቴ ነው። እናቴ መናኸሪያ አጠገብ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻት። ማታ እንጀራ ሲተርፍ አትደነግጥም። አድርቃ ድርቆሽ ታደርገዋለች፣ ለሌላ ቀን ይውላል። የሚያበሳጫት ሌላ ነበር። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ባዶ የሚሆን ወንበር። ኪራዩ ተከፍሏል፣ ሠራተኛዋ ቆማለች፣ ወጡ ሞቋል፣ ሰው ግን የለም። ያንን የሰባት ሰዓት ወንበር አስቀምጣ ነገ ልትሸጠው አትችልም። ባዶ ወንበር ድርቆሽ አይሆንም፣ ጎበዝ!

አሁን ይህችን ወንበር አንስታችሁ አውሮፕላን ውስጥ አስቀምጧት። ከአዲስ አበባ ጓንግዡ የሚበር አውሮፕላን አሥር ወንበር ባዶ ይዞ ከተነሳ፣ የእነዚያ ወንበሮች ገቢ ላይመለስ ሄዷል። ነዳጁ፣ የአብራሪው ደሞዝ፣ የአውሮፕላኑ ዕዳ ግን ባዶ ወንበር ስላለ እምብዛም አይቀንስም። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ተጨማሪ ሰው መጫን የሚያስወጣው ወጪ ትንሽ ነው፣ አውሮፕላኑን ማስነሳት ግን ትልቅ ወጪ ነው። ለዚህ ነው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተሳፋሪዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው የምታገኟቸው። ከወራት በፊት የገዛውና በዋዜማው የሮጠው እኩል አይከፍሉም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ኅዳግ ወጪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ያዛጋል። የእናቴን ወንበር ካሰበ ግን አያዛጋም።

ከሰማይ እንውረድና ታክሲ ሰልፍ ላይ እንቁም። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ። ሰልፉ አስፋልት ዞሮ ሄዷል። የሚኒባስ ታሪፍ በመንግሥት የተወሰነ ነው። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሲጠፋም፣ ማታ ሰው ሲተራመስም ያው ታሪፍ ነው። እና ምን ይፈጠራል? ዋጋው መንቀሳቀስ ሲያቅተው ሌላ ነገር ይንቀሳቀሳል። ሰልፉ ይረዝማል፣ ወይም ሾፌሩ መንገዱን ቆርጦ ይጭናል። አንዱን ጉዞ ለሁለት ይከፍልና ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል። እኛ «ስግብግብ!» ብለን ተሳድበን እንሄዳለን። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን ቆሞ መጠየቅ አለበት። ታሪፉን በሰዓት መለያየት ይሻላል? ከሆነ የቀን ሠራተኛዋ በምን አቅሟ ትከፍላለች? ወይስ ትልልቅ አውቶቡሶችን በዚያ ሰዓት ማብዛት? መልሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተሰልፈን አንቆምም ነበር። ይሄ ጥያቄ የዲግሪ ጥያቄ ካልሆነ ምኑ ነው የዲግሪ ጥያቄ የሚሆነው?

ሁለተኛው የአገልግሎት ጠባይ አለመታየቱ ነው። ጫማ ስትገዙ ታገላብጡታላችሁ፣ ጨርቅ ስትገዙ ትዳስሱታላችሁ። ሐኪም ስትገዙ ምኑን ትዳስሳላችሁ? መኪናችሁ ድምፅ አሰምቶ ጋራዥ ወሰዳችሁት እንበል። መካኒኩ «ይሄ ዕቃ ካልተቀየረ አይሆንም» ካላችሁ፣ ማን ነው የሚያጣራላችሁ? ከተቀየረ በኋላስ መቀየር ነበረበት ወይ ብላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ? አንድ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀው ገበያው ምን እንደሚሆን ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. በአንድ አጭር ጽሑፍ አሳየ። ምሳሌው ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ ዕቃ ያለው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ውስጥ የሚቀረው መጥፎው ነው። አከርሎፍ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

እዚህ ላይ ለእኛ፣ ሀገራችንን እንወዳለን ለምንለው ለእኛ፣ የሚመር ነገር አለ። «የሀገርህን ግዛ» እንላለን። እኔም እላለሁ። ሸሚዝ ላይ ይሠራል፤ ስፌቱን አይቶ የሚገዛ ይገዛል። አገልግሎት ላይ ግን ሰው የሚገዛው ቃል ኪዳን ነው። የኛ ልጅ ጋራዥ ሁለት ጊዜ የዋሸው ሰው፣ የኛ ልጅ ክሊኒክ ያላስፈላጊ ምርመራ ያዘዘበት ሰው፣ ሰንደቅ ዓላማ ብታውለበልቡለትም ሦስተኛ አይመጣም። ፍቅሩ ሳይቀንስ እግሩ ይቀራል። ስለዚህ የብቃት ማረጋገጫ እንዴት ይሰጥ? የሙያ ማኅበር ሲዋሽ የተገኘ አባሉን እንዴት ይቅጣ? ስም ያወጣ ነጋዴ ስሙን እንዳያበላሽ የሚያስገድደው ምንድን ነው? እነዚህ ሁሉ የምትማሩት ትምህርት ውስጥ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። እምነት የሚሠራው በመፈክር ሳይሆን በሕግና በልማድ መሆኑን የሚያውቅ አገር ወዳድ በብዛት ያስፈልገናል።

ሦስተኛው ነገር ምርታማነት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ስለ ቴአትርና ሙዚቃ ቤቶች ኪሳራ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር፣ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፣ ሰዓቱም ያው ነው። ፋብሪካው ግን በየዓመቱ በትንሽ ሰው ብዙ ያመርታል። ወደኛ እናምጣው። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሸማኔ አያቱ በወር የማይሠሩትን በአንድ ቀን ያወጣል። ፀጉር አስተካካዩ ግን አያቱ በፈጀባቸው ሰዓት ነው ዛሬም ፀጉር የሚቆርጠው። ታዲያ ለምንድን ነው የፀጉር መቁረጫ ዋጋ የሚጨምረው? ሌላው ዘርፍ ደሞዝ ሲጨምር የእሱም ካልጨመረ መቀሱን ጥሎ ስለሚሄድ ነው። ባውሞል ይሄን «የወጪ በሽታ» ብሎታል።

አሁን በመቀሱ ፋንታ ጠመኔ አስቡ። የሒሳብ አስተማሪ አንድን ክፍለ ጊዜ በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ምርታማ ልሁን ቢል ልጆቹ ምንም አይማሩም። ነርሷ በአንዴ ሃምሳ በሽተኛ ልያዝ ብትል ሰው ይሞታል። «ምርታማነቱ ስላልጨመረ ደሞዙ ለምን ይጨምራል?» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ይሄን ንግግር አስታውሱት። ጎበዙ አስተማሪ ኖት ብሎኩን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ የሚከፍለው የእኛ ታናሽ ወንድም ነው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ከባድ ጥያቄ ነው። ከታክስ? ከወላጅ? እሱን አስሉና አምጡልን።

አራተኛ፣ አገልግሎት ድንበር ይሻገራል። ብዙ ሰው «ኤክስፖርት» ሲባል ቡናና ሰሊጥ ብቻ ይታየዋል። የዓለም ንግድ ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የአገልግሎት ንግድ ስምምነት አራት መንገዶችን ይቆጥራል። አንደኛው አገልግሎቱ ራሱ ሲሻገር ነው፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለውጭ ድርጅት ሶፍትዌር የሚሠራው ልጅ ማለት ነው። ሁለተኛው ገዢው ሲሻገር፤ ላሊበላ የሚመጣው ጎብኚ፣ ወይም ለሕክምና ባንኮክ የሚሄደው ዘመዳችን። የመጀመሪያው ዶላር ያመጣልናል፣ ሁለተኛው ያወጣብናል። ሦስተኛው ድርጅቱ ሲሻገር፣ አራተኛው ሠራተኛው ለጊዜው ሲሻገር ነው። ከሌጎስ ተነስቶ ቦሌ አውሮፕላን ቀይሮ ጓንግዡ የሚሄድ ነጋዴ ከተማችንን ሳያይ ያልፋል፤ እሱን ማጓጓዝ ግን ኤክስፖርት ነው። የተሸጠለት ምን መሰላችሁ? ጂኦግራፊያችንና ሰዓት አክባሪነት።

አራተኛው መንገድ ላይ ሁላችንም እህት አለችን። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ዱባይ። በሰው ቤት ዓመታት ኖራ የምትልከው ገንዘብ በሀገር ሒሳብ መዝገብ ውስጥ በአገልግሎት ኤክስፖርት ስም አይጻፍም። ኑሮዋ እዚያ ስለሆነ ሐዋላ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። እንደ ስጦታ ማለት ነው። የመዝገብ ሕጉ ትክክል ነው፣ አልከራከርም። ግን አስቡት፤ ልጅ ማሳደግ፣ አዛውንት መጦር፣ ምግብ ማብሰል ከባድ ሙያ ነው፣ በዓለም ላይ ተፈላጊነቱም እየጨመረ ነው። ሠልጥና፣ ውሉን አንብባ፣ መብቷን አውቃ የሄደችና ደላላ የላካት እህት የሚያገኙት እኩል አይደለም። ያን ልዩነት በቁጥር የሚያሳይ አንድ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመቶ የለቅሶ ፖስት ይበልጣል።

እሺ፣ ለምን አሁን? ምክንያቱም በሩ እየተከፈተ ነው። በብሔራዊ ባንክ ሪፖርቶች መሠረት አገልግሎት ከሀገራችን ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ አካባቢ ይይዛል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ፤ በዚያው ወር ሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። ደስ ይበላችሁ ወይም ይክፋችሁ፣ እውነታው ይሄ ነው። እኛ ሀገር ብዙ ሰው ያለው «ሊሸጡን ነው» እና «ሊያድኑን ነው» በሚሉት ሁለት ጩኸቶች መካከል ነው። ሁለቱም ቁጥር የላቸውም።

ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው ስትደውሉ አንዱ ለሌላው ስንት ይከፍላል? ማማው የማነው፣ ሁለተኛው ሲጠቀምበት ኪራዩ እንዴት ይተመናል? አዲስ የሚገባ ባንክ አዲስ አበባ ላሉ ትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ አበድሮ ደብረ ማርቆስና ጎባ ያለውን ቢረሳስ? ቤት የሌለው፣ ኮምፒውተርና ጭንቅላት ብቻ ያለው ወጣት በምን ዋስትና ይበደር? እነዚህን የሚያሰላ ሰው ከእኛ ወገን ካልተቀመጠ፣ ከወዲያ በኩል የተቀመጠው አስልቶ ነው የሚመጣው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን ታሪክ አስታውሱ። በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ያንቀሳቅሰው የነበረው ትራንስ ወርልድ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነበር። አብራሪው፣ ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው ነበር። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንንም ይጨምር ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾመው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል! በስድብ አልተረከብነውም፣ በጥናት ነው። በሩን መዝጋትም፣ በሩ ላይ ተኝቶ ማየትም አልነበረም መንገዱ።

ፋብሪካ ይሻላል ለሚሉት ጓደኞቿም አንድ ቃል አለኝ። ግማሽ እውነት አላቸው። ዳኒ ሮድሪክ የሚባለው ኢኮኖሚስት በ2016 እ.ኤ.አ. ብዙ ድሃ ሀገሮች ኢንዱስትሪ በቅጡ ሳይገነቡ ወደ አገልግሎት እየዘለሉ መሆኑን አሳይቷል፤ አደጋም አለው። ሥራ አጥቶ ማስቲካና ካርድ የሚያዞረው ልጅም በስታቲስቲክስ «አገልግሎት ዘርፍ» ውስጥ ነው የሚቆጠረው። የዘርፉ ማደግ ብቻውን ዕድገት ላይሆን ይችላል። ግን ደግሞ ሐዋሳ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ የጭነት መኪና፣ ጉምሩክ፣ ባንክ፣ መድን፣ ስልክ ይፈልጋል። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው። መንገድ ላይ ያለው አገልግሎት ካነከሰ፣ ፋብሪካውም ያነክሳል።

በመጨረሻ፣ እንዴት ትማሩት? በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን «የአገልግሎት ኢኮኖሚክስ» የሚል ራሱን የቻለ ኮርስ አትጠብቁ። በየኮርሱ ተበትኖ ነው ያለው፤ ለቃሚው እናንተ ናችሁ። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ስትማሩ የወንበሯን ዋጋ ፈልጉ። የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ኮርስ ላይ ስለ ቴሌኮም ጠይቁ። የሥራ ገበያ ኢኮኖሚክስ ላይ አስተማሪውንና ነርሷን፣ ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ አራቱን መንገዶች አስቡ። ሒሳብና ስታቲስቲክስ አትሽሹ። ኢኮኖሜትሪክስ የፈራ ሰው ሌላው የነገረውን ቁጥር ሲደግም ይኖራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ፤ በመጨረሻው ወር በተቀዳደደ ሃንድአውት አይታለፍም።

ከዚያ ውጡና ቁጠሩ። አንድ ሳምንት ታክሲ ተራ ቁሙ። በየግማሽ ሰዓቱ ሰልፉ ስንት ሰው ነው፣ ስንት መኪና መጣ፣ ሰው በእርግጥ የከፈለው ስንት ነው? በደብተር ጻፉት። አምስት ሰፈር ዞራችሁ የፀጉር ቤት ዋጋና ኪራይ አነጻጽሩ። ማንም ሰጥቷችሁ የማያውቀው መረጃ በእጃችሁ ይሆናል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይሁን። ግን ያነበባችሁትን ለእናታችሁ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። እናቴ ኅዳግ ወጪ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ሳትሰማ ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቀው ነበር። እኔ የጨመርኩላት ስሙን ብቻ ነው።

ሥራ ወዲያው ታገኛላችሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ተመራቂው ብዙ ነው፣ ወንበሩ ጥቂት ነው። ግን ቆጥሮ የሚያውቅ ተመራቂ ከብዙዎቹ መካከል ይታያል።

ያቺ ልጅ ምን ወሰነች? የታክሲ ሰልፉን መረጠች። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰልፍ ውስጥ ነኝ አለችኝ። «እየቆጠርሽ ነው ወይስ ቤት እየሄድሽ?» ብላት፣ «ሁለቱንም» አለችኝ።

እናንተም እንግዲህ በየቀኑ የምትቆሙበት ሰልፍ አለ። ነገ ስትቆሙ ደብተር ይዛችሁ ቁሙ።



(አንብባችሁ ስትጨርሱ ዲፓርትመንት ለሚመርጥ ወንድም ወይም እህት አጋሩት። እናንተ ሰፈር የሚጠና አገልግሎት የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።)